ለአሮጌ ቮልስ የጥገና ዕቃ በቅናሽ መግዛት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ገበያ የተማርሁት

የማሽከረክራት መኪና እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት። አባቴ በመምህርነት ሳሉ ከቀድሞ ባለቤቷ ገዝተዋት ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ደሴ ላይ ይዣት ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የዚህ ዓይነት መኪና ምርት ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ቆሟል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የተሸጠ መኪና ስለሆነ ዕቃው ከዓለም ላይ ጠፍቷል ማለት አይቻልም፤ ደሴ ድረስ መምጣቱ ነው ችግሩ። ለእያንዳንዱ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው ዕቃ) እና ጋርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሐል የሚገባ ማሸጊያ) 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ ሶማሌ ተራ መግባት ለደመወዝተኛ የሚቻል አይደለም። በዚህ ምክንያት ላለፉት ዓመታት የመኪናዬን የጥገና ዕቃ በአብዛኛው የገዛሁት እዚሁ፣ ዋጋቸው ዝቅ ካሉ መደብሮች ነው። አንዳንዱ ግዢ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፤ አንዱ ግን እናቴንና እኔን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ለአደጋ ዳርጎን ነበር። አሮጌ መኪና ይዘው የሚቸገሩ ሰዎች ከሁለቱም እንዲጠቀሙ ብዬ እጽፈዋለሁ።

በቅናሽ የሚሸጡ የምላቸው መደብሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ደሴ ውስጥ ከባልዲ እስከ መፍቻ ሁሉን ነገር ደባልቆ የሚሸጠው ሱቅ ነው። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ላይ፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ያለው የዘይትና የቅባት ጅምላ መደብር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የመኪና መለዋወጫ ይነግድ የነበረና ያልተሸጠለትን ዕቃ ዛሬም መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ የቆየ ነጋዴ ቤት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ያተረፈልኝ ሦስተኛው ሲሆን ብዙ ሰው የማያስበውም እርሱን ነው።

ከዘይት ልጀምር። ቮልስ ውሃና ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዙት ከማራገቢያው የሚመጣው ነፋስና ዘይቱ ናቸው። በዚያ ላይ እንደ ሌላው መኪና የዘይት ፊልትሮ አልተሠራላትም፤ ከሥር ያለችው የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት። ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም መለወጥ አለበት። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እኔ ግን ዳገቱንና አቧራውን አስቤ በ3,000 እለውጣለሁ። አንድ ጊዜ ለመለወጥ የሚበቃት 2.5 ሊትር ነው። ዘይት በአብዛኛው የሚሸጠው ባለ4 ሊትር ጀሪካን ሆኖ ስለሆነ አንድ ጀሪካን የገዛ ሰው 1.5 ሊትር ይተርፈዋል፤ ያ የተረፈው ክዳኑ ላልቶ ጥግ ላይ ሲከርም አቧራና እርጥበት ይገባበትና ይበላሻል። ሁለት ጀሪካን የገዛ ሰው ግን ሦስት ጊዜ ለውጦ ለመሙያ ግማሽ ሊትር ይቀረዋል። እኔና ሆጤ ሰፈር የሚኖር አንድ የቮልስ ባለቤት ወዳጄ ይህን ካሰላን በኋላ ኮምቦልቻ ወርደን አራት ጀሪካን የያዘ አንድ ካርቶን በጅምላ ዋጋ ገዝተን እኩል እንካፈላለን። ኮምቦልቻ ላይ ዘይት ረከስ የሚለው በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ስለሚገዙት ነው፤ ዕቃው ስለማይከርም ብዙ ጊዜ የምናገኘው አዲስ የገባ ነው።

ዋጋው ዝቅ ስላለ ብቻ ግን የተገኘው ሁሉ አይወሰድም። ጀሪካኑ ላይ ኤፒአይ ከሚለው የዘይት ደረጃ ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት ማንበብ ያስፈልጋል። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍታ ሞተር የተመደበ ሲሆን ሁለቱም የተጻፉበት ዘይት ለሁለቱም ይሆናል። በሲ የሚጀምረው ብቻ ከተጻፈ፣ ለኤፍኤስአር ጥሩ ነውና ለቮልስም ጥሩ ነው የሚለውን የሻጭ ቃል አልቀበልም። እኔ የምወስደው 20 ደብልዩ 50 የሚባለውን ነው። ምክንያቱ ውፍረቱ ብቻ አይደለም። እንደ ቮልስ ያሉ አሮጌ ሞተሮች ካምና ታፔቱ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ክፍሎች) ፊት ለፊት እየተፋጩ የሚሠሩ ስለሆኑ ዘይቱ ውስጥ በቂ ዚንክና ፎስፈረስ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት አዳዲስ የቤንዚን ሞተር ዘይት ደረጃዎች ደግሞ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ላይ የፎስፈረሱን መጠን ቀንሰውታል፤ ይህ ገደብ እንደ 20 ደብልዩ 50 ያሉትን ወፍራሞች አይመለከትም። ስለዚህ ለዘመናዊ መኪና የተሠራው፣ ዋጋውም ውድ የሆነው ቀጭን ዘይት ለእኛ መኪና ከርካሹ የባሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ መቆጠቡና ለሞተሩ መጠንቀቁ አንድ ላይ ሄደውልኛል።

ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጥ ዘይት አልገዛም። አንድ ጊዜ ለመሙያ ብዬ ገዝቼ፣ ቤት ስደርስ ጥርጣሬ ገባኝና ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አሳረፍሁ። ያልተነካ ዘይት ወረቀቱ ላይ እኩል ተዘርግቶ ጥርት ያለ ቢጫ ክብ ይሠራል። የእኔው ግን ሲያድር መሐሉ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነጥብ ቀረበት። አንድ ጊዜ የሠራ ዘይት እንደ ተቀላቀለበት ገባኝና የአጥር በር ማጠፊያ ቅባት አደረግሁት። ጀሪካን ስገዛም ከክዳኑ ሥር ያለችው ቀለበት አለመበጠሷን፣ ክዳኑ ሥር ያለው ስስ ሽፋን አለመቀደዱን አይቼ ነው የምከፍለው።

ዘይት በምለውጥበት ጊዜ ወንፊቷን የያዘው ክብ ቆርቆሮ በስድስት ዳዶ ይታሰራል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቀጭን የመዳብ ቀለበት አለ። እነዚያን ቀለበቶች በየጊዜው አዲስ መግዛት አያስፈልግም። መዳብ ሲጠበቅ ስለሚደድር እንጂ ስለሚያልቅ አይደለም የሚያንጠባጥበው። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ የቀረውን ፍም አራግቤ ቀለበቶቹን በሽቦ ሰክቼ ፍሙ ላይ አደርጋቸዋለሁ፤ ቀላ ሲሉ አውጥቼ አቀዘቅዛቸዋለሁ። ለስልሰው እንደ አዲስ ይገጥማሉ። በሁለቱ በኩል ያለችው የወረቀት ጋርኒሲዮን ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለባት።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልለፍ። ይህን ክፍል የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህን እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ላይ አንድ መደብር ገብቼ የፍሬን ዘይት ጠየቅሁ። ሻጩ ጽሑፉ የደበዘዘ ጠርሙስ አቀረበልኝ፤ ክዳኑ ማኅተም አልነበረውም፤ ዋጋው ግን ከታሸገው ግማሽ ያህል ነበር። «ያው ነው፣ ወንድሜ፤ ከትልቁ ዕቃ ስለተገለበጠ ነው» አለኝ። አመንሁትና ገዝቼ ራሴው ሞላሁት።

አሥር ቀን ያህል ምንም አልታየኝም። ከዚያ እናቴን ኮምቦልቻ ለቅሶ ላደርስ ይዣት ወረድሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ ጥምዝምዙ ፋታ አይሰጥም። ግማሽ ላይ ስንደርስ እናቴ፣ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና መስሎኝ ዝም አልሁ። ቀጥሎ ፔዳሉ ወደ ላይ ቀርቶ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። መንገዱ ለጥ ያለበት ቦታ ደርሰን እግሬን ሳነሳ መኪናዋ ሰው ከኋላ እንደያዛት ሁሉ ራሷ ቆመች። ወርጄ ሳይ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ እጄን ወደ ጎማው ብረት ሳስጠጋ ሙቀቱ ከሩቁ ገፋኝ። ወደ ታች እያዘገመ ያለ ከባድ መኪና ከኋላችን ቢኖርና እኛ ኩርባው ላይ ብንቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ከኮምቦልቻ በባጃጅ የመጣው መካኒክ ብዙ አልተናገረም። ጎማው ሥር ገብቶ የማስተንፈሻውን ብሎን ጥቂት ሲያላላ ዘይቱ ፊን ብሎ ወጣና ጎማው በእጅ የሚዞር ሆነ። ጋራዥ ገብተን ማስተር ፖምፓውን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን) ሲፈታው ከውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ማለት የጎማ ማሸጊያዎቹ፣ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጠው ወጡ፤ አንዱን በጣቴ ጫን ሳደርገው ለስልሶ ተላጠ። መካኒኩ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። የፍሬን ጎሚኒ የሚስማማው ለፍሬን ከተሠራው ዘይት ጋር ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ሲገባበት ያብጣል። ያበጠው የማስተር ፖምፓ ጎሚኒ ደግሞ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናታል። ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ እግር ቢነሣም ፍሬኑ እንደ ተያዘ ይቀራል፤ በተያዘ ቁጥር ይግላል፣ በጋለ ቁጥርም ይበልጥ ይይዛል። የማስተሩ፣ የአራቱም ጎማ ጎሚኒዎችና ከጎማ የተሠሩት አራቱ የፍሬን ቱቦዎች ተለወጡ፤ የብረት ቧንቧዎቹ በአልኮል ታጠቡ። ከዚያች ጠርሙስ ያተረፍሁት ገንዘብ ለአንዱ ጎማ ጎሚኒ እንኳ አልበቃም።

ከዚያ ወዲህ የፍሬን ዘይት የምገዛው ማኅተሙ ካልተነካ፣ ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ነው። ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። የሚፈላበት ዝቅተኛ ሙቀት አዲስ ሳለ ለዶት 3 205፣ ለዶት 4 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል፤ ሐረጎን ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ለከርሞ አይቀመጥም፤ ደሴ ጉም የሚውልበት አገር ነውና እርጥበቱን ቶሎ ይስባል። ዶት 5 የሚለው ግን ስሙ ቢመሳሰልም ከሲሊኮን የሚሠራ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የቀረበልኝን ዘይት ስጠራጠር ደግሞ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ እጨምራለሁ። ትክክለኛው ዶት 3 እና ዶት 4 ውሃ ውስጥ ሟሟ ብሎ ይጠፋል፤ ላዩ ላይ እንደ ወጥ ቅባት ከተንሳፈፈ የእኛ መኪና ፍሬን ውስጥ የሚገባ አይደለም። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ መደብሩ ደጃፍ ላይ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ወደ ቆዩት ነጋዴዎች ቤት ልመለስ። እዚሁ ደሴ፣ አራዳ አካባቢ አንድ ሐጂ አሉ፤ ሱቃቸው ዛሬ በአብዛኛው የቤት ዕቃ ነው የሚሸጠው። ከዕለታት አንድ ቀን ቀዩን የብርጭቆ ወረቀት ልገዛ ገብቼ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የቦሽ ካርቶን አየሁ።

«ሐጂ፣ የቮልስ ፑንቲና ይኖርዎት ይሆን?» አልኋቸው። ፑንቲና ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርገው ክፍል ነው።

«ቮልስ ዛሬም ይሄዳል እንዴ ልጄ? ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» ብለው የሱቁን ልጅ መሰላል አስወጡት።

ካርቶኑ ውስጥ ቅባት በነካው ቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ፑንቲናዎች፣ ሦስት የስፒንትሮጀኖ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ክዳኖችና ጥቂት የካንዴላ ገመድ ጫፎች ነበሩ። ወረቀቱን ስፈታው ብረቱ ዝገት የሚባል አልነካውም፤ ዛሬ ተሠርቶ በየሱቁ ከሚሸጠው ስሙ ከማይታወቅ ፑንቲና ይልቅ ይከብዳል፣ ስፕሪንጉም ጠንካራ ነው። ሐጂ የጠየቁኝ ዋጋ አዲስ አበባ ለአንድ ከሚጠራው ያነሰ ነበር። ለእርሳቸው ቦታ የያዘ ዕቃ ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ የትም የማላገኘው። የአሮጌ መኪና ባለቤት እውነተኛ ቅናሽ የሚያገኘው እንዲህ ፈላጊ ካጣ ዕቃ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ መደብሮች ተዘርፈው ባዶ ስለቀሩ እንዲህ ያለው የቆየ ክምችት ድሮ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው፤ የተረፈውን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ አይከፋም።

ከቆየ ክምችት ሲገዛ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብረት በቅባት ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አርባ ዓመትም ያቆያል፤ ጎማ ግን ሳይሠራም ያረጃል። ስለዚህ ፑንቲና፣ ኩሽኔታ፣ ብሎንና ዳዶ፣ የስፒንትሮጀኖ ክዳን ከሐጂ ሱቅ ያለ ሥጋት እገዛለሁ። ጎሚኒ፣ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፣ የቤንዚን ቱቦና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት) ግን በነጻ ቢሰጡኝ እንኳ አልገጥምም። ፑንቲናውን ከብልጭታ የሚጠብቀው ኮንደንሰርም ከጎማው ወገን ነው፤ በውስጡ ያለው መለያያ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ስለሚይዝ ፑንቲናውን ያቃጥለዋል። ፑንቲናውን ስገጥም ፊቱን በአልኮል በነከርሁት ንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክላለሁ፤ ካሙ በሚነካበት በኩል ደግሞ ግማሽ የምስር ፍሬ የምታህል ግሪስ አደርጋለሁ። ከዚያ ከበዛ ወደ ፊቱ ይረጭና እሳቱን ያጠፋል።

ካንዴላ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል፤ ርካሹም ብዙ ነው። አሮጌውን ይዤ ሄጄ ከአዲሱ ጎን አቁሜ የጥርሱን ርዝመት ሳላስተያይ አልገዛም። የቮልስ ካንዴላ ጥርሱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 19 ሚሊ ሜትር የሆነው ያለ ችግር ተጠምዝዞ ስለሚገባ ሰው ይታለላል፤ ሞተሩ ሲዞር ግን ፒስቶኑ ይመታዋል።

የማራገቢያው ቺንጊያ ላይ ገንዘብ አልቆጥብም። ቮልስ ላይ ይህች ቺንጊያ ስትበጠስ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ይቆማል፤ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። አሽከርካሪው የሚያየው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይ የዲናሞ መብራት ብቻ ናት፤ በበራች ቅጽበት ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። አንድ ተለዋጭ ቺንጊያና ዳዶውን የሚፈታ ቁልፍ ከመኪናዬ ተለይተው አያውቁም። የቤንዚን ቱቦም እንዲሁ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የሚፈስ ቤንዚን የሚያርፈው የጋለ ነገር ላይ ነው፤ የውሃ ቱቦ ቆርጦ መግጠም ቤት ማቃጠል ነው። ለቤንዚን የተሠራውን፣ ከነማሰሪያ ፋሼታው እገዛለሁ፣ በየሁለት ዓመቱም እለውጠዋለሁ፤ የወጣውን ቱቦ እጥፍ አድርጌ ስንጥቅ እንዳለው ማየትም ልማዴ ነው።

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ኮምቦልቻ ላይ በጣም ርካሽ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ግን ጂኤል-5 የሚለው ነው። ለከባድ መኪና ዲፈረንሻል የሚስማማ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው የሰልፈር ቅመም የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል። እኔ ጂኤል-4 የሆነውን 80 ደብልዩ 90 እስካገኝ እጠብቃለሁ። ለውጡ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ መጠበቁ አይጎዳም።

የቀረው ሁሉ ከርካሹ ሱቅ ቢገዛ ምንም አይጎድልም። መጥረጊያ ጨርቅ ከሰልባጅ ሻጮች በኪሎ ይገኛል፤ ጥጥ የሆነውን መርጦ ቁልፉንና ዚፑን መቁረጥ ነው። ለዘይት መሙያ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ከነትከሻው ቆርጬ ገልብጬ እጠቀማለሁ፤ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ብሎኖቹን የማጥበው በነጭ ጋዝ ነው። የባትሪ ጫፎች ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት የወጥ ቤት ሶዳ በውሃ በጥብጬ ሳፈስበት ተንቸክችኮ ይለቃል። እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ፦ ቮልስ ባትሪዋ ከኋላው መቀመጫ ሥር ስለሆነ የመቀመጫው ስፕሪንግ ጫፎቹን እንዳይነካ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ሽፋኑ አሮጌ የበር ምንጣፍ ቢሆንም ይበቃል። ከባትሪው ሥር ያለውን ብረት ደግሞ በየክረምቱ መውጫ አውጥቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ለዚህ ርካሹም ቀለም ይሆናል። መፍቻና ካቻቢቴ ግን ርካሽ አልገዛም፤ ጫፉ የሚላላ ቁልፍ የአሮጌ ብሎን ራስ ይበላና አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል።

ከሐጂ ካርቶን አራቱን ፑንቲና በየጊዜው ወስጃለሁ። ባለፈው ስሄድ የቀሩትን ሁለቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። አንዱን ከፈልሁበት፤ ሌላውን ግን የሆጤው ወዳጄ መኪና ጠዋት ጠዋት መነሣት እያስቸገረችው ስለሆነ፣ እርሱ እስኪመጣ እንዲያስቀምጡለት ለምኜ በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልሁት።